የኔታና አምባዛው

ዛሬ ጠዋት አዘዞ ውሃ መጣ። ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ወጣ፤ እናቴም ማንም ሳይቀድማት በረንዳው ላይ ያለውን ሰማያዊ ባልዲ ሞላች። ብዙ ቀን ጠፍቶ የመጣ የቧንቧ ውሃ መቼም ታውቁታላችሁ፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሽታው ሲደርሰኝ ቦርሳዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀረሁ። ሌላ ሰው በረኪና ሲሸተው የልብስ አጠባ ቀን ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ ትዝ የሚሉኝ አባቴና አያቴ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ አንድ ጢማም ዓሣ።

እናቴ ባልዲውን ጥግ አስይዛ በጨርቅ ሸፈነችው። ከባልዲው አጠገብ አንድ አሮጌ የመስታወት ሣጥን አለ፤ አፈር ሞልታ ጤና አዳም ተክላበታለች። ሥሩ በመስታወቱ በኩል ይታያል። ያኔ በዚያ መስታወት የምናየው ሌላ ነገር ነበር።

ያኔ የምንኖረው ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ከቀሓ ወንዝ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያስተምራል፤ እናቴ ሆስፒታል ነርስ ናት። አብረውን የሚኖሩት የአባቴ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ የዜማ መምህር ሆነው ያገለገሉ ሰው ስለነበሩ አገር ምድሩ የሚጠራቸው የኔታ ብሎ ነው። አባቴም ፊደል የቆጠረው እሳቸው እግር ሥር ስለሆነ የኔታ እንጂ አባባ ብሏቸው አያውቅም። እኔም ከአፉ ሰምቼ እንደዚያው ቀረሁ።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ተማሪዎቹን ይዞ ጎርጎራ ወርዶ ሲመለስ፣ አንገቱ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጁ ታቅፎ ገባ። ሸሚዙ ርሷል፤ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል። "ኑ፣ ኑ እዩልኝ" አለን። ጎንበስ ብለን ስናይ ከእኔ ጣት እምብዛም የማይረዝም ጥቁር ነገር ጀሪካኑ ሥር ተጋድሟል። ራሱ ጠፍጣፋ ነው፤ አፉ ዙሪያ ጢም አለው።

"አምባዛ ነው" አለ አባቴ። "ዓሣ አጥማጁ ለሰውም ለድመትም አይሆንም ብሎ ሊጥለው ሲል ለመንኩት።"

የኔታ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡና ዓይናቸው ላይ ሳያደርጉ በእጃቸው እንደያዙት ጎንበስ አሉ። "ቅርፊት አለው?"

"የለውም የኔታ።"

"ምነው ልጄ፣ ጣናን የሚያህል ባሕር ሙሉ ሸጋ ሸጋው ዓሣ እያለልህ፣ ኦሪት የከለከለችውን መርጠህ መጣህ?"

"ልንበላው አይደለም፤ ልናየው ነው።"

"አየሁት" አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

አባቴ ፒያሳ ካለ የፎቶ ፍሬም ቤት መስታወት አስቆርጦ፣ ሳሎን ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፎ፣ በሲሊኮን እያጣበቀ ሣጥኑን ራሱ ሠራው። ሲሊኮኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ስለሚሸት ቤቱ ለሰንበት ሰላጣ የተሰናዳ ይመስል ነበር። አዲስ አበባ ልኮ ያስመጣት አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተር ነበረች፤ ከተሰካችበት ሰዓት ጀምሮ እርርር እያለች ታድራለች። መጀመሪያ ሰሞን በእሷ ድምፅ እንቅልፍ አጣን። ከለመድናት በኋላ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ጸጥ ስትል ነበር የምንነቃው።

አባቴ ዓሣው ብቸኝነት እንዳይሰማው ብሎ ቆሮሶ የሚባል አንድ ትንሽ ዓሣ አምጥቶ ጨመረለት። ሲነጋ ቆሮሶው የለም። አምባዛው ሆዱ ተወጥሮ ድንጋዩ ሥር ጋደም ብሏል። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የኔታ ኪዳን ለማድረስ ሲወጡ ሣጥኑ ፊት ቆም አሉና "እንግዳ አቀባበሉ ሸጋ ነው" ብለው አለፉ።

እንዲህ ያለውን አውሬ ምን ብለን እንደወደድነው ለማስረዳት ይከብደኛል። ቀን ቀን ከድንጋዩ ሥር አይወጣም። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ገብታ ውሃውን ጠጅ ስታስመስለው ግን ይነቃል። አባቴ በምስማር ራስ ልክ የቆረጣትን ጥሬ ሥጋ ይጥልለታል። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ጢሙ ነው፤ ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል፣ ይፈልጋል። ከዚያ ሳናየው ሥጋዋ የለችም። "ዓይኑን አትመኚው፤ በጢሙ ነው የሚያየው" ይለኛል አባቴ፣ አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዚያን እጅ ክብደት ግን አልረሳሁም። አሁንም ይናፍቀኛል።

ውሃውን ሲቀይር ከቧንቧ ቀድቶ አይጨምርም ነበር። ጓሮ ባለው በርሚል ውስጥ አሳድሮ፣ ደግሞ አሳድሮ ነው የሚጨምረው። ምክንያቱን ስጠይቀው "መንገድ መጥቶ ደክሞታል፤ ይረፍ" ይለኝና ይስቃል። ጎንደር ውስጥ በርሚል የሌለው ቤት ስለሌለ እናቴ ለውሃ ችግሩ የሚያጠራቅም ነበር የመሰላት። ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀች።

ስለ የኔታ ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ አይዋሹም። ሰው ሁሉ አልዋሽም ይላል፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ሊያገኙት የማይፈልጉት ሰው ሲመጣ በጓሮ በር ሹልክ ብለው ይወጡና ሎሚው ዛፍ ሥር ይቆማሉ። እኔ ያኔ ለእንግዳው "ቤት ውስጥ የሉም" እላለሁ። ልክ ነኝ፤ ቤት ውስጥ የሉም። ከተጠየቁት በላይ ቃል የማውጣት ልማድም አልነበራቸውም። "ደከመዎት?" ሲባሉ "ደከመኝ" ነው፤ አለቀ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አባቴ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደ። ኩላሊት የሚለውን ቃል እናቴ ስልክ ላይ ስትንሾካሾክ ሰማሁ። ሲወጣ ሣጥኑን በጣቱ ቆርቆር አደረገና እኔን ሳይሆን የኔታን እያየ "ዓሣውን አደራ" አለ። የኔታ አደራ ሲባሉ ምን እንደሚሆኑ ልጃቸው ያውቃል።

ማታ ማታ ራት ሰዓት ላይ ይደውላል። ስለ ሕመሙ አያወራም፤ ስለ ዓሣው ይጠይቃል። ስለ ራሱ እንዳንጠይቀው ብሎ እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እናቴ "ደህና ነው" ስትለው አያምናትም። "አንቺ ነርስ ነሽ፤ ደህና ነው ማለት ሥራሽ ነው። የኔታን ስጪኝ" ይላታል። እሷ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች።

"የኔታ፣ ዓሣው አለ?"

"አለ።"

"ይበላል?"

"ይበላል።"

ከዚያ በስልኩ ውስጥ ትንፋሹን ሲለቅቅ ይሰማናል። ያቺ ትንፋሽ የዕለቱ መድኃኒቱ ነበረች ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ጾመ ነነዌ የገባ ዕለት ሥጋዋን ይዤ ወደ ሣጥኑ ስሄድ የኔታ አስቆሙኝ። "በነነዌ ከብቱም ጾሟል። ያ ታላቁ ዓሣ ደግሞ ዮናስን ሦስት ቀን በሆዱ ይዞ አልነከሰውም። ይሄም ሦስት ቀን ይጹም።" ጾመ። አልሞተም፤ እንዲያውም በአራተኛው ቀን ጣቴን ሊነክሰኝ ዘሎ ነበር።

ችግር የመጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ቅበላ ካለፈ ወዲያ ቤታችን ሥጋ የሚባል ነገር አይገባም። ነነዌን ከጾመ ሁዳዴንም ይጾማል ብለን ነው መሰል፣ እናቴና እኔ የዳቦ ፍርፋሪና የሽሮ ጠብታ እንጨምርለት ጀመር። ይህን ስሕተት እንደ እኛ ያለ ቤት እንጂ ማንም አይሠራውም። ውሃው ደፈረሰ፤ ሽሮው ድንጋዩ ላይ ተለጠፈ። አምባዛው አየር ፍለጋ ደጋግሞ ብቅ ይል ጀመር። ራሱ እንደ ነበረ ሆኖ ገላው እየቀጠነ ሄደ።

አንድ ምሽት አባቴ እንደ ልማዱ "ይበላል?" ሲል የኔታ ዝም አሉ። ስልኩ ውስጥ "የኔታ? የኔታ?" ይላል። እናቴ ስልኩን አነሳችና "ኔትወርኩ ነው" ብላ ሌላ ወሬ ጀመረች። የኔታ ወደ ሣጥኑ ሄደው መነጽራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

"ነነዌ ሌላ፣ ሁዳዴ ሌላ" አሉ በመጨረሻ። "ሁዳዴ ለዓሣ አልተጻፈም። ይሄ ከሞተ እኔ ልጄን ምን ልለው ነው?"

"የሙስሊም ሥጋ ቤቱ ክፍት ነው፤ ትንሽ ላምጣ" አለች እናቴ።

"በሁዳዴ የኔታ ደጅ ሥጋ ገባ እንዲባል?" አሉና ከዘራቸውን አነሱ። "ጣሳ አምጪ" አሉኝ።

በጋ ስለነበር ምድሩ ሁሉ ደርቋል። ቀሓ ዳር፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን የሚያለሙ ሰዎች ውሃ የሚመልሱበት ቦታ ግን አፈሩ ጥቁርና ርጥብ ነው። የኔታ በከዘራቸው ጫፍ ይቆፍራሉ፤ እኔ ትሉን እየለቀምኩ የሳልሳ ጣሳ ውስጥ እጨምራለሁ። "እኔ አልነካውም፤ ይሄ እጅ ማኅሌት ላይ የሚነሳ ነው" አሉኝ አስቀድመው። የአትክልቱ ባለቤት አይቷቸው ጋቢውን እያስተካከለ መጣ። "የኔታ፣ ምን ጠፋብዎት?"

"ትል" አሉት።

ሰውዬው ቅኔ መስሎት ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቅዳሴ መልስ ቀሓ መውረድ ሥራችን ሆነ። ዓሣው በሳምንቱ ዳነ፤ እንዲያውም ወፈረ። የኔታ በዘጠኝ ሰዓት እህል ከቀመሱ በኋላ ዱካ መቀመጫቸውን ሣጥኑ ፊት ስበው ይቀመጣሉ። ጢሙ ወዲያ ወዲህ ሲል እያዩ "መቋሚያ አልያዘም እንጂ ያሸበሽባል" ይሉኛል። ማታ ስልኩ ሲጮኽ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት።

"አለ?"

"አለ።"

"ይበላል?"

"ይበላል።"

በሕማማት ሰሞን አባቴ ለዳግም ትንሣኤ እመጣለሁ አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ቤቱን ገለባበጠችው፤ መጋረጃ አጠበች፣ ምንጣፍ አወጣች። ረቡዕ ዕለት እኔና የኔታ ስንሰግድ ውለን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ገና ከበሩ በረኪና ሸተተን። ውሃ መጥቶ ነበር። ከስንት ቀን በኋላ የመጣ ውሃ ነው፤ ወለሉን የወለወለችበት መስሎኝ ገባሁ።

እናቴ ሣጥኑ ፊት ተንበርክካለች። ድንጋዮቹ ታጥበው ያበራሉ፤ መስታወቱ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፏል። "ንጹህ ውሃ ነው የጨመርኩለት" አለች ዞር ብላ። "እሱ ሲመጣ በንጹህ ውሃ እንዲያየው ብዬ ነው።" ሰው በሚታከምበት ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ መድኃኒት የገባበት ውሃ የሚገድለው ፍጥረት ይኖራል ብላ እንዴት ታስብ? አባቴ ውሃውን በርሚል ውስጥ የሚያሳድረው መድኃኒቱ እንዲተንለት እንደነበር የገባን በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። እናቴ "እኔ አልችልም" አለች። የኔታ መነጋገሪያውን እንዴት እንደሚከፍቱት አያውቁም ነበር፤ እኔ ከፈትኩላቸው።

"የኔታ፣ ዓሣው አለ?" የአባቴ ድምፅ በዚያ ሰሞን በጣም ቀጥኖ ነበር።

የኔታ ዓሣውን አዩ። እናቴን አዩ።

"ደህና ነው" አሉ። "ጠግቦ ተኝቷል።"

"እሺ የኔታ" አለ አባቴ። "ይተኛ። እንዳትቀሰቅሱት።"

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። "አታልቅሽ ልጄ፤ ለደግ ብለሽ ነው" አሏት። "ሕማማት ባይሆን ግንባርሽን እስምሽ ነበር።" ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ማኅሌት ላይ የሚነሳውን ያን እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ዓሣውን አወጡት። ሎሚው ሥር ቀበርነው።

ዓርብ ስቅለት ነው። ስግደቱ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ለካህኑ በደሉን ይናገራል፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ እያደረገ ተጨማሪ ስግደት ይሰጠዋል። የእኛ ሰልፍ የደረሰው የየኔታ ተማሪ ከነበረ ቄስ ዘንድ ነበር። ሌላ ቀን የኔታ አንተ ነው የሚሉት። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

"እርስዎ ደግሞ ምን በደል ኖሮዎት ነው የኔታ?" አለ ቄሱ በሐፍረት።

"ዋሽቻለሁ።"

ቄሱ ክው አለ። "ተጸጽተዋል?"

"ስግደቱን ይስጡኝ" አሉ፣ እርስዎ ብለው። "ሌላውን አይጠይቁኝ።"

የሰጣቸውን ያህል ብቻ የሰገዱ አይመስለኝም። ፀሐይዋ ከጽዶቹ ጀርባ እስክትገባ ሲወድቁ ሲነሱ ቆሜ አየኋቸው።

አባቴ መጣ። ጃኬቱ ሰፍቶታል፤ ሲስመኝ ጉንጩ አጥንት ነበር። የኔታ አገላብጠው ሲስሙት ቆዩና "ትንሽ ነፋስ ልቀበል" ብለው በጓሮ በር ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ ሎሚው ሥር ቆመዋል። ሣጥኑ ነጠላ ለብሷል፤ ሞተሯ ባዶው ውሃ ውስጥ እርርር ትላለች፤ ማናችንም ልንነቅላት አልደፈርንም ነበር።

አባቴ የነጠላውን ጫፍ ገልጦ አየ። መልሶ ሸፈነው።

"መቼ ነው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ሕማማት ረቡዕ።"

"አውቄያለሁ" አለና ይስቅ ጀመር። ሲስቅ ጎኑን በእጁ ይዞ ነበር። "አለ ወይ ነው ያልኳቸው። የኔታ ሳይጠየቁ ጠግቧል ያሉኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው። ውሸት አይችሉበትም እኮ!" ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑ ርሶ ነበር። "እንዳወቅኩ አትንገሪያቸው። ለእኔ ብለው ነው ያደረጉት፤ እንደተሳካላቸው ይሁን።"

ከዚያ ጮክ ብሎ፣ ጓሮ ድረስ እንዲሰማ፣ "የኔታ፣ ዓሣው ተኝቷል፤ አልቀሰቅሰውም!" አለ።

ከሎሚው ሥር መልስ መጣ። "ይተኛ" አሉ የኔታ።

አባቴ ያን ክረምት ከእኛ ጋር ቆየ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው በጋቢ ተጠቅልሎ ሣጥኑ አጠገብ ይቀመጣል፤ የኔታ ማዶ ይቀመጣሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አባቴ ወደ ሣጥኑ ዘንበል ይልና "ዛሬም ተኝቷል" ይላል። "ይተኛ" ይላሉ የኔታ። አንዱም ነጠላውን አይገልጥም። አባቴ እንደሚያውቅ የኔታ ያውቁ ነበር? ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ በሁለቱ መሀል ተቀምጬ የሁለቱንም ምሥጢር በአፌ ይዤ ነበር። ደስተኛ ነበርኩ፤ ይህን ለመናገር ዛሬም ትንሽ አፍራለሁ፣ ግን ደስተኛ ነበርኩ።

ጷጉሜ ሳትገባ አባቴ አረፈ። አርባው ወጥቶ ዘመድ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ የኔታ ወደ ሣጥኑ ሄዱና ጎንበስ ብለው የሞተሯን ሶኬት በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ያ ቤት እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሌሊቱን ሁላችንም ነቅተን አደርን።

የኔታም ካረፉ ቆዩ። እኔና እናቴ አዘዞ አዲስ ቤት ስንገባ ከአሮጌው ቤት ብዙ ዕቃ ጥለናል፤ ሣጥኑን ግን እናቴ በጋቢ ጠቅልላ ራሷ ታቅፋ ነው ያመጣችው። ጤና አዳሙን የተከለችበት እሷ ናት። ውሃውን ግን ከቧንቧ ቀድታ አጠጥታው አታውቅም። ባልዲ ውስጥ ታሳድረዋለች፤ ደግሞ ታሳድረዋለች።

ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ "እማዬ፣ በረኪናው ተክልን እኮ ምንም አይለውም" አልኳት።

የባልዲውን ጨርቅ ጫፍ እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

"ይሁን" አለች። "መንገድ መጥቷል፤ ይረፍ።"